የሐዋሳ የሬስሊንግ ወዳጆች፣ እዚያ ቤት እንዳትገቡ

ይሄን የምጽፈው ሰኞ ጠዋት ነው። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም። ትንሽ ይብረድልኝና እጽፋለሁ ብዬ ነበር። ግን አሁን አንድ ጓደኛዬ እዚያ ቤት በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ እንደተለጠፈ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ስለዚህ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አሜሪካዊው የሬስሊንግ ኮከብ ጆን ሲና ዋሽንግተን ዲሲ ላይ የመጨረሻ ግጥሚያውን አደረገ። ከኦስትሪያዊው ጉንተር ጋር። የሬስሊንግ ወዳጅ ሆኖ ይሄን ቀን ያልጠበቀ የለም። እኔም ለራሴና ለታናሽ ወንድሜ 700 ብር ከፍዬ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ አደርኩ። መጨረሻውን ግን አላየሁትም። ከአስተናጋጅ አፍ ሰማሁት።

የቤቱን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀን ቀን ጁስና ማኪያቶ ይሸጣል። ቅዳሜና እሁድ ኳስ ያሳያል። ከጀርባው ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ አለው። ትልቅ ጨዋታ ሲመጣ በሩ ላይ ካርቶን ይሰቅልና በማርከር ይጽፋል፦ "ላይቭ፣ ትልቅ ስክሪን፣ ጀነሬተር አለን"። ዋጋው መጀመሪያ 100 ይባላል። ቀኑ ሲደርስ 150 ይሆናል። ማታው ላይ ደግሞ 200። ይሄን ሁሉ ለምደነዋል። ማንም አይከራከርም።

ወንድሜ ከሻሸመኔ የመጣው ለዚህ ብቻ ነው። ብረታ ብረት ቤት ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ማታ ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን እንኳን በደንብ ሳይታጠብ ሚኒባስ ተሳፍሮ መጣ። ለብሶ የመጣው ያንን አረንጓዴ የሲና ቲሸርት ነው። ከሰልባጅ የገዛው ከስንት ዓመት በፊት ነው። አንገቱ ረግቧል፤ ጽሑፉ ግማሹ ተልጧል። ልጆች ሆነን 50 ሳንቲም እየከፈልን ቪዲዮ ቤት የተቀዳ ሬስሊንግ እናይ ነበር። ወንድሜ እንደ ሲና እጁን ፊቱ ላይ እያወናጨፈ "አታዩኝም" እያለ ሰፈሩን ይዞር ነበር። ሲና እ.ኤ.አ. በ2002 ከርት አንግልን ገጥሞ ሲጀምር እኛ ገና ፊደል ስንቆጥር ነው። ሲያበቃ ወንድሜ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ስለዚህ አብረን እንየው አልኩት። ሐሳቡ የኔ ነው። ቤቱን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

በሩ 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል ስለተባልን በ5 ሰዓት ገባን። ትርኢቱ የሚጀምረው ሌሊት 10 ሰዓት ነው። እስከዚያ ምን ይደረግ? ጨዋታ ነዋ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ሰዓት ደስ የሚል ነበር። ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነን። የዩኒቨርሲቲ ልጆች አሉ፣ የባጃጅ ሹፌሮች አሉ፣ ከአለታ ወንዶ የመጡ ሁለት መምህራን አሉ። ክርክሩ አንድ ነው። ሲና አሸንፎ ይሂድ ወይስ ተሸንፎ?

አንዱ መምህር ደሙ ፈልቷል። "ደራሲዎቹ የስንብት ዓመቱን ሙሉ አበላሽተውታል" ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2025 ቶሮንቶ ላይ ሲና ሻምፒዮኑን ኮዲ ሮድስን ከድቶ ክፉ ገጸ ባሕርይ ሲሆን ሁላችንም ጸጉራችን ቆሞ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ደግ ሆኖ የኖረ ሰው! ከዚያስ? ሬስለርና ተዋናይ የሆነው ዘ ሮክ ያንን ሁሉ አቀጣጥሎ የዓመቱ ትልቁ ትርኢት ሬስልማኒያ ላይ ብቅ እንኳን አላለም። በእሱ ፋንታ ራፐሩ ትራቪስ ስኮት ገብቶ ረበሸ። ሲና 17ኛውን የዓለም ሻምፒዮና ቀበቶ ወሰደ፤ የድሮውን ሬስለር የሪክ ፍሌርን የ16 ቀበቶ ሪከርድ ሰበረ። ያንን የሚያህል ታሪክ እንደዚያ ዓይነት ጨዋታ ላይ አባከኑት። ነሐሴ ላይ ደግሞ ክፋቱን እንደ ኮት አውልቀው ጣሉለትና ወደ ድሮው መለሱት። የስንብቱ ዓመት ግማሹ እንዲሁ ባከነ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ ጥፋቱ የደራሲዎቹ አይደለም ባይ ነው። የገንዘቡ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሬስሊንጉን የሚያዘጋጀው ደብሊው ደብሊው ኢ ከድብልቅ ማርሻል አርት ድርጅቱ ዩኤፍሲ ጋር ቲኬኦ በሚባል ኩባንያ ሥር ከገባ ወዲህ ሁሉም ነገር ሒሳብ ሆኗል አለ። ሮው የሚባለውን ሳምንታዊ ትርኢት ለኔትፍሊክስ ለ10 ዓመት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጡት። የሪንጉ ወለል ሳይቀር ማስታወቂያ ተለጠፈበት። የቲኬቱ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። "እኛ ለእነሱ ኪስ ነን እንጂ ሰው አይደለንም" አለ። እኔ ተከራከርኩት። ሥራ ነው፣ ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ ዋናው ሪንጉ ውስጥ የሚያሳዩን ነው አልኩ። የተናገርኩት ሁሉ ትዝ ይለኛል። ቲኬቱን የሸጠልን ሰውዬ ባንኮኒው ጋ ሆኖ ይሰማን ነበር።

10 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ምስሉ ጥሩ ነበር። ናይጄሪያዊው ኦባ ፌሚ ከኮዲ ሮድስ ጋር ሲተናነቅ አዳራሹ ተነቃነቀ። አፍሪካዊ ልጅ ከሻምፒዮኑ ጋር እኩል ለእኩል ሲቆም ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነው። ወንድሜ ከወንበሩ ተነስቶ ቀረ። ሌሎቹም ግጥሚያዎች አለፉ። ማንም ሽንት ቤት አልሄደም። ሁሉም ያቺን ሰዓት ነው የሚጠብቀው።

አሁን በደንብ ስሙኝ።

ጉንተር ወጣ። ተጮኸበት። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ ያ መለከት ተነፋ። የሲና መለከት። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው። ወንድሜ ክንዴን ጨመቀኝ። ሲና በመጋረጃው በኩል ብቅ አለ፤ ፊቱን በቅጡ እንኳን ሳናየው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። "ኖ ሲግናል" የሚል ጽሑፍ መጣ። መብራት የጠፋ መስሎን "ጀነሬተር! ጀነሬተር!" ብለን ጮኽን። መብራቱ አልጠፋም። እንዲያውም የአዳራሹ አምፖሎች በሙሉ በሩ። ቀና ስል ያ ቲኬት የሸጠልን ሰውዬ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሟል። ገመዱን በእጁ ይዟል። ነቅሎት ነው።

"ዋናው ግጥሚያ ሒሳቡ ለብቻ ነው" አለ። "በሰው 150። የማይከፍል ይውጣ።"

እንዲህ ነው ያለው። ይቅርታ የለ፣ ማፈር የለ። ካርቶኑ ላይ እንዲህ የሚል ነገር አልነበረም። በር ላይ ስንከፍልም አልተነገረንም። ሰዉ ተነሳ፣ ጮኸ። መምህሩ "ይሄ ዝርፊያ ነው" አለው። ሰውዬው አልመለሰለትም። ሰዓቱን ነው የሚያየው። ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጊዜው የእሱ ነው፤ የምናጣው እኛ ነን። ግማሹ ሰው ተቆጥቶ ወጣ። የባጃጁ ሹፌር ሲወጣ ዞሮ አየኝ እንጂ ምንም አላለኝም።

እኔ ከፈልኩ። አዎ፣ ከፈልኩ። ወንድሜ "ተው፣ እንሂድ" አለኝ። ከሻሸመኔ ድረስ አምጥቼው እንዴት እንሂድ? ስልኬን አወጣሁ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥሬን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። 300 ብር ላኩ። ሰውዬው የያንዳንዱን ሰው መልእክት ተራ በተራ እያየ፣ እየተረጋጋ ተቀበለ። በዚያ መሃል የስክሪኑን ገመድ የሰካበትን ላፕቶፕ አየሁት። የተከፈተው ዩቲዩብ ነው። የራሱ የደብሊው ደብሊው ኢ ገጽ። እኛ 350 ብር የከፈልንበት ነገር ቀዩ ምልክት ጥግ ላይ እያበራ በነፃ እየተላለፈ ነበር። አንድም ጊዜ "ከየት ነው የምታሳዩን?" ብዬ አልጠየቅኩም። አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ስለ ቲኬኦ ሳወራ ይሄን አልጠየቅኩም።

ገመዱን መልሶ ሲሰካ ግጥሚያው ከተጀመረ ቆይቷል። የሲናን የመጨረሻ መውጣት አላየንም። ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው አላየንም። እሺ፣ ይሁን፣ የቀረውን እንይ አልን። ትንሽ አየን። ጉንተር ከኋላ አንገቱን አንቆ ያዘው። ሲና ተነሳ። ወደቀ። እንደገና ያዘው። በቃ እዚያች ላይ ምስሉ ቆመ። ያቺ ክብ ነገር ሲና ፊት ላይ ትዞር ጀመር። ማንም አልተነፈሰም። "አሁን ይመጣል" አለ አንዱ።

ያኔ አስተናጋጁ ከባንኮኒው ጀርባ ስልኩን ወደ ላይ አንስቶ ጮኸ። "እጁን ሰጠ! አለቀ! በሉ ውጡ፣ እንጥረግበት።"

በራሱ ስልክ እያየው ነበር። እኛ ክቧን ስናይ እሱ በእጁ ይዞ ያየዋል። ሊያሳየን አንድ እርምጃ አልተራመደም። ነግሮን ሲያበቃ መጥረጊያውን አነሳ።

ሄድኩና ገንዘቤን መልሱልኝ አልኩ። ከልመና ባልተናነሰ ሁኔታ ነው የጠየቅኩት። ባለቤቱ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። "ኔትወርክ የኔ ነው እንዴ?" አለ። አስተናጋጁ ግን መጥረጊያውን ተደግፎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ለውሸት ትግል ነው እንዲህ የምትሆነው? ትልቅ ሰው አይደለህም?" አለኝ።

ይሄ ከትናንት ጀምሮ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ ነው። ውጤቱ ቀድሞ እንደሚጻፍ እናውቃለን። ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ሌሊቱን ሙሉ የተከራከርነውም ስለዚያው ነው፤ ማን ጻፈው፣ ለምን እንዲህ ጻፈው ብለን። ሲና የወደቀበት ወለል ግን እውነት ነው። የሚያመው ሰውነቱ እውነት ነው። ወንድሜ ከሻሸመኔ መምጣቱ እውነት ነው። የወሰዱት 700 ብርም እውነት ነው። ውሸት ከሆነ ለምን ሸጡልን?

ወንድሜ ጃኬቱን ቲሸርቱ ላይ ደርቦ እስከ አንገቱ ዘጋው። ወጣን። ነግቷል። ከገብርኤል በኩል የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። ነጠላ የለበሱ እናቶች ከፊታችን ያልፋሉ። ቁርስ እንብላ አልኩት፤ እምቢ አለኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። የሻሸመኔው ሚኒባስ ሞልቶ እስኪሄድ አብረን ቆምን። ስለ ግጥሚያው አንድ ቃል አላወራንም።

ማታ ቤቴ ብቻዬን በስልኬ አየሁት። ሲና ታንቆ ሳለ ፈገግ ይላል። ከዚያ በእጁ መታ መታ ያደርጋል። ተስፋ አትቁረጡ ሲለን የኖረ ሰው ፈገግ ብሎ እጁን ሰጠ። አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ተሞላ፤ የትርኢቱን ይዘት የሚመራው ትሪፕል ኤች ብቅ ሲል ደግሞ ባሰ። ሻምፒዮኖቹ ሲ ኤም ፐንክና ኮዲ ሮድስ ቀበቶዎቻቸውን ትከሻው ላይ አኖሩለት። ጫማውን አውልቆ ሪንጉ ላይ ተወው።

ተሸንፎ መሄዱን እቀበላለሁ። የሚሄድ ለሚቀረው አስረክቦ ይሄዳል፤ የዚህ ሙያ ሥርዓት ነው። አንደርቴከርም እ.ኤ.አ. በ2014 ያን ሁሉ የሬስልማኒያ ያለመሸነፍ ታሪክ ለብሮክ ሌዝነር አስረክቧል። ግን እጅ መስጠት? ለሲና? እኔ እንጃ። ትከሻው ወለል ላይ ተይዞ፣ ተቆጥሮበት ቢሸነፍ ይሻል ነበር እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ፈገግታውን እንደገና አየውና እወላውላለሁ። ይሄን ከወንድሜ ጋር መከራከር የነበረብኝ እዚያው፣ ያኔ፣ ወንበር ላይ ቆመን እየጮኽን ነበር። እሁድ ማታ ደወልኩለት። "አየሁት" አለኝ። "ደክሞኛል፣ ነገ እናወራለን" ብሎ ዘጋው።

ምክር የምለው ነገር ብዙ የለኝም። ከመክፈላችሁ በፊት ዋጋው ዋናውን ግጥሚያ ይጨምራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከየት እንደሚያሳዩም ጠይቁ። ገመድ ከነቀሉ አትጨምሩላቸው፤ እኔ የጨመርኩላቸው 300 ብር ነው ለሚቀጥለው ያደፋፈራቸው። የቴሌብር ደረሰኛችሁን አታጥፉ። እኔ የሁለቱንም ይዤዋለሁ፤ ያን ሌሊት እዚያ የነበራችሁ የእናንተን ላኩልኝ፣ አብረን ንግድ ቢሮ እንሂድ።

በሩ ላይ የተለጠፈው አዲሱ ካርቶን የሮያል ራምብል፣ የደብሊው ደብሊው ኢ ዓመታዊ ትርኢት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2026 ሪያድ ላይ ነው የሚደረገው። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ ማደር አያስፈልግም፤ ሰው ይበዛል። ዋጋው 100 ብር ይላል።