«ሸረሪት አጠፋለሁ» እያለ የሚዞረውን ሰውዬ እንዳታስገቡ

የድሬ ሰዎች፣ በተለይ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ ያላችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ አትለፉ። መርጫ በጀርባው አዝሎ በባጃጅ ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ሰውዬ አለ። «ሸረሪት፣ በረሮ፣ ትኋን፣ ጊንጥ፣ የ6 ወር ዋስትና» ይላል። እኛን 3,500 ብር በልቶናል። ብሩስ ይቅር፣ የባሰ አለ።

ነገሩ የጀመረው በእማዬ ነው። ግንቦት ላይ። የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ፣ ቬንትሌተሩ ራሱ ትኩስ አየር ነው የሚያመጣው። እማዬ «ጎኔን ያቃጥለኛል» ማለት ጀመረች። ሙቀት ነው ብለን ዝም አልን። በነጋታው ከጡቷ ሥር እስከ ጀርባዋ በአንድ በኩል ብቻ ቀላ፣ ከዛ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ተደርድረው ወጡ። ጎረቤታችን መጣች፣ ልብሱ ገና ሳይገለጥላት «ውይ! ሸረሪት ሸንታባት ነው እኮ፣ አልማዝ ባለጭራ ነው!» አለች። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ይሄንኑ ስለሆነ አልተከራከርኩም። ሁላችንም ቀና ብለን ኮርኒሱን አየን። ጥጉ ላይ ሸረሪት አለች። ቀና ብሎ ሸረሪት የሚያጣ የድሬ ቤት እንደሆነ የለም፣ ግን በዛች ሰዓት ወንጀለኛዋ እጅ ከፍንጅ የተያዘች ነው የመሰለን።

ሰውየው በዛው ሳምንት ከተፍ አለ። ጎረቤታችን ናት ያመላከተችው፣ በክፋት ሳይሆን አዝና ነው። ሲገባ ሰላምታው ብቻ ልብ ይሰርቃል። «እናቴ፣ እንዴት ዋሉ? አይዞዎት፣ እኔ ልጅዎ ነኝ» አለና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። የበሰበሰ እግር። አንድ ጣቱ የጠፋ እጅ። «ይሄ ሁሉ የሸረሪት ሥራ ነው። እርስዎ ጋ ቶሎ ስለደረስኩ እግዜር ይወድዎታል።» እማዬ አማተበች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደነገጥኩ።

ለአንድ ክፍል 800፣ ማድ ቤትና መታጠቢያ ተጨምሮ 5 ክፍል፣ 4,000 ብር አለ። እማዬ ታማም ቢሆን ክርክር አትተውም፣ 3,500 ላይ ቆረጡ። በግል ቁጥሩ ቴሌብር ላኩለት። ደረሰኝ ስለው «ማታ በቴሌግራም እልክልሃለሁ» አለኝ። አቦ፣ እዛ ጋ ነበር መንቃት የነበረብኝ! እስካሁን የትኛዋ ማታ እንደሆነች አላውቅም።

አሁን ኬሚካሉን ልንገራችሁ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ውስጥ ነው ያለው። የዘይቱ ወረቀት ግማሹ ተልጦ ግማሹ አሁንም እላዩ ላይ ተለጥፏል። ውሃ ሲያክልበት ወተት መሰለ። ሽታው ነጭ ሽንኩርትና ናፍጣ አንድ ላይ ያሸተታችሁ ያህል ነው። ጓንት የለውም፣ ማስክ ተብዬው አንገቱ ላይ የነበረው ሻሽ ነው። ዕቃ አውጡ አላለም፣ ምግብ ሸፍኑ አላለም። የልጄን ፍራሽ፣ የሞሰቡን ክዳን፣ በረንዳ ላይ ያለውን የውሃ በርሜል ዙሪያ ሁሉንም አዳረሰው። የሚያስቀው፣ የኮርኒሱ ጥግ ላይ ያለችው፣ ይሄ ሁሉ ጉድ የመጣባት ሸረሪት ጋ መርጫው አልደረሰም። ወንበር ስናመጣለት «ወገቤን ያመኛል» ብሎ ከታች ወደ ላይ ሁለቴ ፉት አድርጎ ተወው።

«አንድ ሰዓት ዝጉትና ግቡ» አለን። በሰዓቱ ገባን። ዓይናችን አለቀሰ፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል አደረ። ከዛ በኋላ አራት ቀን ግቢ ውስጥ ተኛን። ድሬ ላይ ግቢ መተኛት ብርቅ አይደለም፣ ወደን ስንተኛና ተባረን ስንተኛ ግን ይለያያል። በሁለተኛው ቀን አምፖሉ ሥር ሆነው ማታ ማታ ነፍሳት የሚጠብቁት እንሽላሊቶች ከግድግዳው ላይ መውደቅ ጀመሩ። ሦስቱን እኔ ራሴ በወረቀት አነሳሁ። አንዱ ገና እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቬንትሌተሩ ዘንግ ላይ ሸረሪት ድር ሠርታ ቁጭ ብላለች። ደወልኩለት።

«ዋስትናው አለ አይደል?»

«አለ እንጂ!»

«እንግዲያው ና፣ ሸረሪቷ ተመልሳለች።»

ትንሽ ዝም አለ። «ወንድሜ፣ ዋስትናው ለረጨኋት ሸረሪት ነው። ያቺ ሞታለች። ይቺ ሌላ ናት።»

ወላሂ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ። እንዴት እንደምመልስለት ጠፍቶኝ ስልኩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ከዛ ወዲህ የኔን ቁጥር አያነሳም።

እስካሁን ያለው የብር ነገር ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። ቤቱ ከተረጨ በኋላ «ምንጩ ተነቀለ፣ አሁን ቁስሉ ይደርቃል» ብለን ተዘናጋን። እማዬም ሎሚና ምናምን እየቀባች ጠበቀች። ሐኪም ቤት የወሰድናት በዘጠነኛው ቀን ነው፣ እሱም ሌሊት በህመም መተኛት ሲያቅታት። ሐኪሟ ገና እንዳየቻት «ለምን ዘገያችሁ?» አለች። አልማዝ ባለጭራ ከሸረሪት ጋር ምንም አያገናኘውም። ቫይረስ ነው። በልጅነት ጉድፍ የያዘን ጊዜ የገባው ቫይረስ አይወጣም፣ ነርቭ ሥር ተደብቆ ዓመታት ይቀመጣል፣ ዕድሜ ሲገፋ ወይም ሰውነት ሲደክም ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ይወጣል። ለዛ ነው በአንድ ጎን ብቻ መስመር ሠርቶ የሚታየው፣ ለዛም ነው «ባለጭራ» የሚመስለው። መድኃኒት አለው፣ የሚዋጥ። ግን ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነው ይበልጥ የሚሠራው። እኛ ያንን 72 ሰዓት ኮርኒስ ስናይ፣ ከዛ ደግሞ ለሰውዬው ወንበር ስናቀርብ ጨረስነው። ቁስሉ ከደረቀ ሦስት ወር አልፎታል። እማዬ ግን ዛሬም ቀሚሷ ጎኗን ሲነካት ትሸማቀቃለች። ነርቩ ሲጎዳ እንዲህ ሊቆይ ይችላል ተብለናል። ዕድሜ ከገፋ ደግሞ ይብሳል አሉን።

«እሺ፣ ግን እኔን ሌሊት አንድ ነገር አቃጥሎኝ ጠዋት ቆዳዬ ተልጦ ተነስቻለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሱም አብዛኛውን ጊዜ ሸረሪት አይደለም። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ የሚበዛ ቀይና ጥቁር ቀጭን ጥንዚዛ አለ፣ ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ናይሮቢ ፍላይ ይሉታል። አይነክስም፣ አይናደፍም። ግን መብራት ተከትሎ ይገባና አንገታችን ላይ ሲያርፍ በእጃችን እንጨፈልቀዋለን፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው ቆዳ የሚያቃጥለው። በመዳፍ እንደተጎተተ መስመር ሠርቶ ይወጣል፣ የሚያሳየውም ከአንድ ከሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ጥፋተኛው ጠፍቶ ሸረሪቷ ላይ ይለጠፋል። እላያችሁ ላይ ካያችሁት እፍ በሉት እንጂ አትጨፍልቁት፣ ከተጨፈለቀም ቶሎ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ።

መርዛማ ሸረሪት የለም አልልም። አለ። ብዙውን ጊዜ ውጭ ነው፣ እንጨት ክምር ሥር፣ የቆየ ጡብ መሀል፣ ያልተነሳ ጫማ ውስጥ። ጫማ አራግፎ መልበስ ጥሩ ነው፣ ለጊንጡም ቢሆን። ከተነደፉ በኋላ ጡንቻ የሚጨብጥ፣ የሚያልብ ህመም ከመጣ ሐኪም ቤት ነው መሮጥ። ኮርኒስ ላይ ያለችው እግሯ ክር የሚያህል ግን ሌላ ናት። እሷን ከሰውዬው በኋላ ሥራ ፈትቼ ስከታተላት ነው የከረምኩት። በእስክሪብቶ ጫፍ ድሯን ስነካው አትሸሽም፣ እዛው ተንጠልጥላ ዓይን እስኪያቅተው ድረስ መላ ሰውነቷን ታወዛውዛለች። እንቁላሏን ደግሞ በቀጭን ክር አስራ አፏ ላይ ይዛ ነው የምትዞረው። በየት በኩል እንደምትበላ ገርሞኝ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ልጆቿ እስኪወጡ ከአፏ አላወረደችውም።

መርጨቱ ለምን እንዳልሠራም ያኔ ገባኝ። በረሮ ወለል ላይ ይሳባል፣ እግሩንና አንቴናውን በአፉ ያጸዳል፣ መርዙ በዛ ይገባለታል። ሸረሪት ግን በእግሯ ጫፍ ነው የምትቆመው፣ ያውም በራሷ ድር ላይ፣ ግድግዳው ቢረጭ ብዙም አይነካት። የእንቁላል ከረጢቱም ቢሆን በድር የተጠቀለለ ነው። ደግሞ ሸረሪት ነፍሳት አይደለችም፣ 8 እግር ነው ያላት፣ የምትመጣው ነፍሳቱን ተከትላ ነው። አምፖሉ ነፍሳት ይጠራል፣ ነፍሳቱ እሷን ይጠራሉ። እሷን ገድላችሁ አምፖሉን ከተዋችሁት ቦታዋ በሌላ ይተካል። ለካ ሰውየው «ይቺ ሌላ ናት» ሲል ሳያውቀው ልክ ነበር!

ቢምቢው ግን የምር ነው። ከተረጨ በኋላ ያ ሁሉ እንሽላሊት ሞቶ ሸረሪቱም ሳስቶ ማታ ማታ ተበላን። ድሬ ደግሞ ከቢምቢ ጋር ቀልድ የላትም። በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 ክረምት ያ መገጣጠሚያ የሚሰብረው ቺኩንጉንያ (ያልያዘው ቤት ካለ እጁን ያውጣ)፣ በ2014 ደግሞ ወባ። የወባውን ያመጣችው ስቴፈንሲ የምትባለው ከተማ ወዳድ ትንኝ እንደሆነች ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፣ ረግረግ አትፈልግም፣ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። ሸረሪት ወባ ታጠፋለች እያልኩ አይደለም። ግን ያን 3,500 ብር ለበርሜል ክዳንና ለአጎበር ባወጣው ኖሮ እላለሁ። መክደኛ የሌለው በርሜላችን ዙሪያ መርዝ ረጭቶልን ሄደ፣ በርሜሉ እንደተከፈተ ቀረ፣ ውሃውንም ደፋነው።

ሐረር ያለችው አክስቴ ታሪኩን ስትሰማ ሳቋ አላቆመም። «እኛ ጅብ እያጎረስን እንኖራለን፣ እናንተ ከሸረሪት ጋር መኖር አቃታችሁ?» አለችኝ። እሷ በዓል ሲመጣ መጥረጊያ ረጅም እንጨት ላይ አስራ ድሩን ትጠርጋለች፣ አለቀ። እኛም አሁን ያንኑ ነው የምናደርገው። የበረንዳውን ነጭ አምፖል በቢጫ ቀየርኩት፣ በሩ ሥር ያለውን ክፍተት በላስቲክ ደፈንኩት፣ አልጋዎቹን ከግድግዳው ትንሽ አራቅኳቸው። መታጠቢያ ቤት ያለችውን ግን እማዬ ራሷ «ተዋት» አለችኝ።

በረሮ ወይ ትኋን አስቸግሯችሁ ማስረጨት የግድ ከሆነባችሁ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የለም አልልም። ግን መጀመሪያ ዕቃውን ያሳያችሁ። በ674/2002 የፀረ ተባይ አዋጅ መሠረት ያልተመዘገበ ኬሚካል ለገበያ ማቅረብ ክልክል ነው። በራሱ ዕቃ፣ በራሱ ወረቀት፣ ስሙና ማብቂያ ቀኑ ተጽፎ መምጣት አለበት። ለእርሻ የተሠራውን በዘይት ጄሪካን ገልብጦ የሚመጣ ሰው በር ላይ ይመለስ። ከተረጨ በኋላ ሰው ቢያስመልሰው፣ ምራቅ ቢበዛበት፣ ቢያልበው፣ የዓይኑ ብሌን ቢጠብ፣ ወተት ምናምን ሳትሉ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ፣ የኬሚካሉን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ጋ ልጄ ሲያስል ሐኪሙ «ምንድነው የተረጨው?» ሲለኝ «ነጭ ነገር» ነው ያልኩት። እግዜር ይመስገን፣ እሱ በሁለተኛው ቀን ተሻለው።

ባለፈው ሐሙስ ሰውየውን ከኛ ሁለት ቤት ወረድ ብሎ ያሉ አባባ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ሰላምታው ያው ነው፣ ፎቶውም ያው። እኔ እስክደርስ አባባ መነጽራቸውን አድርገው «እስቲ ጄሪካኑን አዙረው ልጄ፣ ላንብበው» አሉት። «አባቴ፣ ይሄ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ወረቀት የለውም» አለ። «ታዲያ ይሄ የዶሮና የእንቁላል ሥዕል ምንድነው?» አሉት፣ የዘይቱን ወረቀት እያሳዩ። እኔን ሲያይ ባጃጁን ወደ ታይዋን ገበያ አቅጣጫ አስነሳው፣ መርጫውን እንኳ በደንብ አላሰረውም ነበር።