የምግብ ቤት ወንበር ምን ይልበስ? የከብት፣ የፍየል፣ የበግና የዱር እንስሳ ቆዳ ንጽጽር

የምግብ ቤት ወንበር እንደ ሳሎን ሶፋ አይያዝም። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይፈራረቅበታል፣ ዘይት ይፈስበታል፣ በየቀኑ በሳሙና ይወለወላል። ስለዚህ በትዕዛዝ የምታሠሩ ከሆነ አንዱን ቆዳ ለሁሉም ክፍል ከማልበስ ይልቅ መቀመጫውን፣ መደገፊያውንና የጀርባውን ውጫዊ ገጽ ለየብቻ ብታስቡ ይሻላል።

ለመቀመጫ የእኔ ምርጫ የከብት ቆዳ ነው። ከአንድ ትልቅ በሬ ከ4 እስከ 5 ካሬ ሜትር ስለሚገኝ ረጅም አግዳሚ ወንበር እንኳ ብዙ ሳይቀጣጠል ይለብሳል። ስፌት ባነሰ ቁጥር ፍርፋሪ የሚሸሸግበት ቦታም ያንሳል። ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር እንዳይወርድ ጠይቁ። ቀድሞ የሚያልቀው ጭን የሚፈትገው የፊት ጠርዝ ነው፤ ስፌቱ እዚያ ላይ እንዳያርፍ ለሠሪው አስቀድማችሁ ንገሩት።

የፍየል ሌጦ ከስስነቱ አንጻር ጠንካራ ነው፤ ገጹም ሲዳሰስ ደስ ይላል። ችግሩ ስፋቱ ነው፤ አንዱ ሌጦ ግማሽ ካሬ ሜትር አካባቢ ብቻ ስለሚሆን ሰፊ መቀመጫ ላይ መቀጣጠሉ አይቀርም። ለነጠላ ወንበር መደገፊያ ግን እንደ እሱ የሚያምር አላውቅም። የበግ ሌጦ ይለሰልሳል፣ ግን ቶሎ ይቀደዳልና መቀመጫ ላይ አልመክረውም። አጎዛም ቢሆን ዘይትና ሽታ ይይዛል፤ ከፈለጋችሁት ተነስቶ የሚታጠብ ምንጣፍ አድርጉት። ጠጉሩ ያልተላጨ የከብት ቆዳ ደግሞ ሰው በተቀመጠበት ቦታ ጠጉሩ እየተሰበረ ይመለጣል። ቦታው ማንም የማይደገፍበት የወንበሩ ጀርባ ነው።

የአጋዘን ቆዳ በጣም ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ስለሚለጠጥ መቀመጫው ውሎ አድሮ ይረግባል። የካንጋሮ ቆዳ ስስ ሆኖ እጅግ ጠንካራ ነው። በዱር እንስሳ ላይ ግን ከጥራቱ በፊት ሕጉ ይቀድማል። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሳይቲስ፣ ማለትም የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የዘረዘራቸው እንስሳት ቆዳ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። የአገር ውስጥ አደን ሕግም ለብቻው መታየት አለበት።

«ከአገር በቀል እንስሳ የተገኘ ነው» የሚባለውን ማስታወቂያ ብቻውን አትቀበሉት። አገር በቀል መሆኑ መንገዱን ያሳጥራል፣ ምንጩን መከታተልም ያቀላል። እንስሳው እንዴት እንደኖረና ለሥጋ ይሁን ለቆዳው ብቻ እንደታረደ ግን አይነግርም። ሻጩን የትኛው ቄራ እንደሆነ ጠይቁት። የፋብሪካው ስም አይበቃም፤ ፋብሪካ ውስጥ ከብዙ ቦታ የመጣ ቆዳ ይቀላቀላል። የቆዳ ፋብሪካዎችን የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት የሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ የምስክር ወረቀት ጥሩ ምልክት ነው፤ ሆኖም በዋናነት የሚመዝነው ፋብሪካው ውሃን፣ ኬሚካልንና ፍሳሽን እንዴት እንደሚይዝ ነው። ስለ ከብቱ አያያዝ የተለየ ማስረጃ መጠየቅ አለባችሁ። ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ተዉት።

በክሮም (በክሮሚየም ጨው) የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፣ ውሃንም ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ገላ በሚነካ የቆዳ ዕቃ ላይ ክሮሚየም ስድስት የተባለው ጎጂ የክሮሚየም ዓይነት በኪሎ ከ3 ሚሊግራም እንዳይደርስ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሚያስገድድ የላቦራቶሪ ውጤት መጠየቅ ተገቢ ነው። በዛፍ ቅርፊት የለፋው ደግሞ ጠንከር ይላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፣ የውሃ ጠብታም ምልክት ይተውበታል። ከፍሬም ጋር ለሚወጠር መደገፊያ ይሆናል።

ከማልፊያው እኩል የገጹ ሽፋን ወሳኝ ነው። ናሙናው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አኑሩ። ቶሎ ጠጥቶ ከጠቆረ ሽፋን የለውም ማለት ነው፤ የወይን ጠጅም ሆነ ዘይት ቢፈስበት አይለቅም። ውሃው ከላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ ቀለም የተቀባ ነው፣ ለመቀመጫ የሚበጀውም እሱ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝም ተመልከቱ፦ እውነተኛ ቆዳ ከላይ እስከ ታች ክር ክር ይላል፤ በጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ንብርብር ካያችሁ ከቆዳ ብናኝ የተጋገረ ሊሆን ስለሚችል ይላላጣል።

ስትከፍሉ ከዚያው ዙር ትርፍ ቆዳ አስቀምጡ፤ በኋላ የሚመጣው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር ልክ አይገጥምም። መቀመጫው በብሎን ተፈትቶ እንደገና እንዲለብስም ከዲዛይኑ ጀምሮ አሠሩት።