በረታችንን ያፈረሱት ሰዎች፦ ጣሪያው ላይ ባለሙያ፣ ግድግዳው ላይ ጥድፊያ

ሐይቅ ከተማ ዳር በሚገኘው በእናቴ ግቢ አባቴ የሠራው የከብት በረት ነበር። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ፣ ቋሚውና ወራጁ ጥድ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ባለፈው ክረምት በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ሆዱን ነፋና ላሞቹን ጎረቤት አስጠጋናቸው። የበልግ ዝናብ ሳይገባ መፍረስ ስለነበረበት በጥር ወር ከደሴ አራት ሰዎች አመጣሁ። የተዋዋልነው በቁርጥ 12,000 ብር ሲሆን ምሳና ቡና በእኛ ነው።

ስለ ጣሪያው አፌን ሞልቼ አመሰግናቸዋለሁ። አለቃቸው አንድ ሚስማር ሳይነቅል በፊት በመጥረቢያው ጀርባ ቋሚውን ሁሉ እያንኳኳ ዞረ። ጥዱ ደረቅ፣ ሙሉ ድምፅ ይሰጣል። ኋላ ለጥገና የገባው ባሕር ዛፍ ግን እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል፤ ምስጥ ውስጡን ጨርሶ ልጡን ብቻ ትቶታል። እንዲህ የጮኸውን በከሰል ምልክት አደረገበትና «ጋሼ፣ በእነዚህ በኩል ሰው አይወጣም» አለኝ። 36ቱም ቆርቆሮ ሳይታጠፍ ወረደ። ቀዳዳውን በሬንጅ ደፍነን ከጥዱ ጋር ለአዲሱ ማዕድ ቤት አዋልነው።

እናቴ ከዋንዛ ግንድ የተቦረቦረው ግርግም እንዳይነካባት ለምና ነበር። አለቃው «አብሽሩ እማማ» ብሎ ለሦስት ተሸክመው ጥላ ሥር አኖሩላት። ቡናው ሲፈላ መረቀቻቸው። አሁን ዶሮዋ እንቁላል ትጥልበታለች።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነገሩ ተበላሸ። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ከላይ ወደ ታች፣ ድንጋይ በድንጋይ ነው የሚፈርሰው፤ ይህን ዕድሜዬን በጠመኔ የጨረስኩት መምህሩ እንኳ አውቃለሁ። እነሱ ግን የማታው መኪና እንዳያመልጣቸው ቸኩለው ሥሩን በድጅኖ ይፈለቅቁ ጀመር። ብናገር «አብሽር ጋሼ» ተባልኩ። ለእናቴ ሲባል ደስ ያሰኘኝ ቃል እዚህ ላይ ደሜን አፈላው። ግድግዳው ዘንበል አለና ከነአቧራው በጎረቤታችን ጌሾ ላይ ተኛ። ሰው አለመጎዳቱ የፈጣሪ ሥራ ነው። ለጌሾው 1,500 ብር ካሥኩ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ከሒሳባቸው የተቀነሰልኝ 500 ብር ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ ያስከፋኝ ሚስማሩ ነው። የነቀሉትን ሁሉ እንደወደቀ ትተውት ሄዱ። ላም ሣር ስትግጥ ሚስማር ከዋጠች ሆዷ ውስጥ ይቀመጥና ጨጓራዋን በስቶ ወደ ልቧ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥቼ፣ በሲባጎ አስሬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ግቢውን ስጎትተው ዋልኩ። የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ውሻ ገዙ እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ጢም ብሎ ሞላ።

ጣሪያና እንጨት የማውረድ ሥራ ቢኖረኝ ነገውኑ እጠራቸዋለሁ። ለግድግዳ ግን አልጠራቸውም፤ ከጠራችኋቸውም የመኪናቸውን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሚስማር ለቀማውን ውሉ ውስጥ አስገቡ፤ ግቢውን በማግኔት ሳትዞሩም የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡ። ማግኔቱን ሐይቅ አካባቢ ላለ ሰው አውሳለሁ፤ ሲባጎው ስለተበጠሰ ግን የራሱን ይዞ ይምጣ።