የእንጨት ወለል ወይስ እንጨት መሰል? ጎኑን አይታችሁ ምረጡ

የወለል ናሙና ሲቀርብላችሁ ፊቱን ተዉትና ጎኑን ተመልከቱ። ፊቱ ማንንም ሊያታልል ይችላል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ውስጡ ምን እንደሆነ አይደብቅም።

ሙሉ እንጨት ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሲጫጫር በማሽን ተፍቆና እንደገና ቫርኒሽ ተቀብቶ አዲስ ይመስላል። እዚህ ከምናያቸው ወለሎች ይህን የእርሱን ያህል ደጋግሞ የሚችል ሌላ የለም። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ አየሩ ሲረጥብ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ይፈጥራል። እንደ ኦክ ያለው ጠንካራ እንጨት ብዙ ይችላል፤ ጥድን ግን የወንበር እግር እንኳ ይሰረጉደዋል።

ተነባባሪው እንጨት ላዩ እውነተኛ እንጨት፣ ሥሩ ኮምፔንሳቶ ነው። ስስ ንብርብሮቹ እየተሻገሩ ስለሚጣበቁ እንደ ሙሉው እንጨት አያብጥም፣ አይኮማተርም። ሻጩ «እውነተኛ እንጨት ነው» ቢላችሁ አልዋሸም፤ የላዩ እንጨት ውፍረት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ግን ጠይቁት። ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ልባስ አንድ ጊዜ እንኳ አይፋቅም። 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ለሳሎን ከሙሉው እንጨት ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

ላሚኔት በግልጽ ቋንቋ የእንጨት ፎቶግራፍ ነው። ከተፈጨና በኃይል ከታመቀ እንጨት በተሠራ ሰሌዳ ላይ የታተመ ወረቀት ይለጠፍና በጠንካራ ሙጫ ይሸፈናል። ጭረትን ከብዙ ቫርኒሾች በተሻለ ይቋቋማል፤ ለመኖሪያ ቤት ካርቶኑ ላይ ኤሲ 3 ወይም ኤሲ 4 የሚል መፋተግን የመቋቋም ደረጃ ፈልጉ። ጉድለቱ መገጣጠሚያው ላይ ነው። እዚያ የቆየ ውኃ ጠርዙን ያሳብጠዋል፤ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ቁራጭ ለምናችሁ ውሰዱ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ውኃ ውስጥ አሳድሩ፣ ጠዋት ከደረቁ ጫፍ ጋር በጣት እያነጻጸራችሁ ዳስሱት። ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራችኋል።

ለወጥ ቤት ቪኒል ይሻላል፤ በተለይ ውስጡ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የተሠራው። ውኃ አያሳብጠውም። የላይኛው መከላከያ ሽፋን ለቤት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል፤ ለሱቅ ወይም ለቢሮ 0.5 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ስሱ ቪኒል ግን ከሥሩ ያለውን ጉብታ ሁሉ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ሊሾው በደንብ ይስተካከል። ጎማ ያለው ምንጣፍም አታንጥፉበት፤ የማይለቅ ቢጫ እድፍ ይተዋል።

እንጨት መሰሉ ፖርሴሊን ለመታጠቢያ ቤት ተወዳዳሪ የለውም፤ የሚመጠው ውኃ ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ግን ለእግር ቀዝቃዛ ነው፣ የወደቀበትን ብርጭቆም አይምርም። ረጃጅሞቹ ሰሌዳዎች መሐላቸው ላይ ትንሽ ጎበጥ ስለሚሉ፣ ባለሙያው መገጣጠሚያዎቹን በግማሽ ሳይሆን በሲሶ እያዛነፈ ይደርድር። አለበለዚያ ጠርዙ እግር ይመታል።

ተነባባሪም ሆነ ላሚኔት፣ ሳይጣበቅ የሚነጠፍ ከሆነ በግድግዳው ዙሪያ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ዞኮሎው ይሸፍነዋል። «ግድግዳው ድረስ አስጠግቼ እጨርሰዋለሁ» የሚል አንጣፊ ከመጣ፣ ሥራውን ሳይጀምር አሰናብቱት።