አምባሰልን በማሲንቆ ወይስ በፒያኖ?

አምባሰልም ባቲም የቅኝት (ዜማ የሚመሠረትበት የድምፆች ስብስብ) ብቻ ሳይሆን የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ታዲያ ደሴ ላይ መድረክ የምትወጪ እህቴ፣ አጃቢሽ ማን ይሁን?

ድምፅ ማስማማት፦ የማሲንቆው ጭራ አንድ ነው፤ ተጫዋቹ ወደ ድምፅሽ ያመጣዋል። ፒያኖ ግን በአንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ ተነስቶ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ባለው ርቀት) 12 የተወሰኑ ድምፆች ነው ያሉት። ስለዚህ ከየትኛው እንደምትነሺ ቀድመሽ እወቂ። ከፍ የሚለውን ስንኝ ቤት ሞክሪው። ጉሮሮሽ ከተጨነቀ ፒያኒስቱን «ግማሽ ድምፅ (አንድ ቁልፍ ያህል) ዝቅ አድርግልኝ» በይው፤ ምንም ነውር የለውም።

ትንፋሽ፦ ማሲንቆ ተጫዋች ዓይንሽን አይቶ ይጠብቅሻል። ለፒያኒስቱ ግጥሙን ጽፈሽ ስጪው፤ የምትተነፍሺበትን በእርሳስ አስምሪበት።

ወጪ፦ ማሲንቆ መብራት አይፈልግም፤ ኪቦርድ (የኤሌክትሪክ ፒያኖ) ግን ይፈልጋል።

ድምፅሽን እያንሸራተትሽ ለማንጎራጎር ማሲንቆ ይመቻል። ከባንድ ጋር ለመሥራት ካሰብሽ ግን ከፒያኖ ጋር ተለማመጂ።