ለኮንሶው ሞተረኛ ወንድሜ ምስጋና፣ ለተጓዦች ጥቆማ

በካራት ከተማ በሞተር ሳይክል እንግዳ እየጫነ የኮንሶን መንደሮች ለሚያስጎበኝ አንድ ወጣት በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ እወዳለሁ። ወደ ደቡብ ለመጓዝ የምታስቡ ሁሉ ሥራውን እንድታውቁለት ስለፈለግሁም ይህን ጽሁፍ በጥቂቱ አስረዝሜዋለሁ። ሰው በሚኖርበት ግቢና በአባቶቹ መቃብር መካከል እንግዳ ይዞ መግባት ከባድ ኃላፊነት ነው፤ ይህ ልጅ ኃላፊነቱን አውቆ ይሠራል።

የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ 55 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የእርከንና የድንጋይ ካብ አገር ነው። ወደ መንደሮቹ የሚወስዱት መንገዶች በእርከኖቹ መካከል እየተጠማዘዙ የሚወጡ ጠባብ የአፈር መንገዶች በመሆናቸው ሞተር ይመቻቸዋል። በዚያ ላይ መኪና ለመከራየት አቅም ለሌለው ተጓዥ ወጪው የሚቻል ነው። ወጣቱ ለተሳፋሪም ለራሱም ሄልሜት አለው፤ ቁልቁለት ላይ አይፈጥንም። ጭነት ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡ እናቶች ሲያጋጥሙን ሞተሩን ወደ መንገዱ ጠርዝ አውጥቶ ያቆምና እስኪያልፉ ይጠብቃል። አቧራ እንዳያለብሳቸው ብሎ ነው።

የሄድነው በጥር ወር፣ ገበሬዎች የፈረሰ እርከን በሚጠግኑበት ደረቅ ወቅት ነበር። አንድ መታጠፊያ ላይ አቁሞ በደቦ የሚሠሩ ሰዎችን አሳየን፤ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ቆመን ማየት እንችል እንደሆነ ከጠየቀ በኋላ ነው እንድንጠጋ የፈቀደልን። ድንጋዩ የሚያያዘው ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ነው። ትልልቁ ከታች ተቀምጦ ክፍተቱ በትንንሹ ይሞላል። ካቡ አፈሩን ይይዛል፣ ጎርፉን ያበርዳል፣ ዝናብ በሚያጥርበት በዚያ አገር ውሃው ወደ ማሽላው ሥር እንዲሰርግ ያደርጋል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሥርዓት ከ21 ትውልድ በላይ፣ ማለትም ከ400 ዓመታት በላይ ሲወራረስ መጥቷል። ልጁም የራሱን አባት እርሻ ካብ ሲክብ ያደገ ሰው በመሆኑ ማብራሪያው በቃል የተጠና አይመስልም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን መንደር ስንደርስ ለሚያደርገው ነገር ነው። የኮንሶ ጥንታዊ መንደሮች ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በሚደርስ የድንጋይ ግንብ የታጠሩ ናቸው፤ እሱ ከውጭኛው ግንብ ርቆ ሞተሩን ያጠፋና በእግር ያስገባችኋል። መጀመሪያ የሚወስዳችሁ ወደ ሞራ፣ ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበትና ያላገቡ ወጣቶች ሌሊት መንደሩን እየጠበቁ ወደሚያድሩበት አደባባይ ነው። እዚያ በኮንስኛ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ማን እንደሆንንና ለምን እንደመጣን ተናግሮ፣ ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ወደ ውስጥ እንዘልቃለን። በየ18 ዓመቱ የሥልጣን ርክክብ ሲደረግ ስለሚተከለው የትውልድ ምሰሶ የነገሩንም ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ናቸው። እሱ አስተረጎመ እንጂ አፋቸውን አልነጠቀም። አንዲት እናት ፎቶ እንዳይነሱ በእጃቸው ምልክት ሲሰጡ ወዲያው «እሺ እማማ» ብሎ ካሜራውን ዝቅ እንድናደርግ ነገረን፤ ገንዘብ እናቅርብላቸው ያለውንም የጉዞ ጓደኛችንን በትህትና ከለከለው።

ስለ ዋካ ደግሞ አንድ ነገር ላንሳ። ዋካ ለጀግኖችና ለታላላቅ ሰዎች መታሰቢያ በመቃብራቸው ላይ የሚቆም የእንጨት ሐውልት ነው። ብዙዎቹ ተሰርቀው ተሸጠዋል። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ በመጀመሪያ በካራት ወዳለው የኮንሶ ሙዚየም ወሰደንና የተሰበሰቡትን አሳየን። አሁንም በቦታቸው የቆሙትን ስናይ ፎቶውን የትኛው ጥግ ላይ እንዳነሳነው በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳንጽፍ ለመነን። እኔም ቃሌን ጠብቄ ቦታውን እዚህ አላነሳም። ኒውዮርክ የሚሉትን፣ ጎርፍ የቀረጸውን የጌሰርጊዮ ገደልም አይተናል፤ ያማረ ነው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ሂዱ።

በገንዘብ ጉዳይ ቅር የሚያሰኝ ነገር አላየሁበትም። የመንደር መግቢያው በቢሮ ተከፍሎ ደረሰኝ ይሰጣችኋል፤ የእሱ የቀን ሂሳብና ነዳጁ ለየብቻ ከመነሳታችሁ በፊት ይነገራችኋል፤ ሲመለስም ጭማሪ አይጠይቅም። ለሕፃናት ሳንቲምና ከረሜላ እንዳትበትኑ ይነግራችኋል፤ እባካችሁ ስሙት፤ መርዳት የፈለገ በሽማግሌዎች በኩል እንዲሰጥ ያገናኛል። ምሳ ላይ በሽፈራው ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ የሚባል የማሽላ ምግብ በላን፤ ጨቃ የሚሉት የአገሩ ጠላም ቀረበልን። እሱ ግን «ሰው ጭኜ አልጠጣም» ብሎ ውሃ ጠጣ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእንግድነት የተቀበሉንን የመንደሩን አባቶችና እናቶች በእኔ ስም አመስግንልኝ።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ አልጽፍም፤ እሱ ፈቅዶልኛልና በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። በገበያ ቀን ሥራ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ደውሉለት። የበልግ ዝናብ ሲጥል የአፈሩ መንገድ ስለሚያንሸራትት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ብትሄዱ እንደሚሻል እሱም ይመክራል።