ማይክሮሶፍት አክሰስ፦ ሁለትና ሦስት ፋይል ባንዴ ለሚከፍት ሰው

ማይክሮሶፍት አክሰስ ከ1992 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ የዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃ በሠንጠረዥ የሚያስቀምጥ፣ ፕሮግራም ነው፤ ለአንድ ቢሮ የንብረትና የደመወዝ መዝገብ ዛሬም አያንስም። ብዙ ፋይል ጎን ለጎን መክፈት ላይ ግን ግትር ነው። አንድ የአክሰስ መስኮት አንድ ፋይል ብቻ ይይዛል፤ የንብረቱ ተከፍቶ ሳለ እዚያው ፋይል፣ ኦፕን ብለው የደመወዙን ሲጠሩ የመጀመሪያው ይዘጋል። ሁለቱንም ማየት የፈለገ ሁለተኛውን ከፎልደሩ ደብል ክሊክ ያድርግ፣ ሌላ አክሰስ ይነሳል።

ስህተት 3356 ከመጣ ፋይሉን አንድ ሰው በኤክስክሉሲቭ፣ ማለትም ሌላ ሰው እንዳይገባ አድርጎ፣ ከፍቶታል። በዚያ ሰው ኮምፒውተር ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ክላየንት ሴቲንግስ ገብተው ዲፎልት ኦፕን ሞድን ሼርድ (የጋራ) ላይ ያድርጉ። እሱ ሼርድ ሆኖም ካስቸገረ ፎልደሩን ይመልከቱ። አክሰስ ፋይሉ አጠገብ ኤልኤሲሲዲቢ የሚል ቅጥያ ያለው ትንሽ የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል፣ የመጨረሻው ተጠቃሚ ሲወጣም ያጠፋዋል። ስለዚህ ተጠቃሚዎቹ ፋይሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ፎልደሩ ላይም የመፍጠርና የማጥፋት ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፤ ብዙ ኔትዎርክ ላይ የሚረሳው ይኸው ነው። ሁሉም ዘግተው የመቆለፊያው ፋይል ከቀረ በኖትፓድ ይክፈቱት፣ የኮምፒውተር ስም ይነበባል። በዚያ ማሽን ታስክ ማናጀር ውስጥ መስኮት የሌለው አክሰስ ተንጠልጥሎ ይገኝ ይሆናል። መረጃ እየጻፈ አለመሆኑን ሳያረጋግጡ ኤንድ ታስክ አይበሉ፣ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል።

ስህተት 3048፣ ማለትም ተጨማሪ ዳታቤዝ መክፈት አልተቻለም የሚለው መልእክት፣ ስሙ ያሳስታል። ብዙ ጊዜ የሞላው የፋይሉ ቁጥር ሳይሆን በውስጥ የተከፈቱት ቴብሎች (የመረጃ ሠንጠረዦች) ቁጥር ነው፤ ጣሪያው በቆዩት ቅጂዎች 2048፣ በአዲሶቹ 4096 ነው። ኮምቦ ቦክስ (ተቆልቋይ ዝርዝር) እና ሰብፎርም (ፎርም ውስጥ ያለ ፎርም) የታጨቀበት ፎርም፣ በተለይ ከሌላ ፋይል ሊንክ የተደረጉ ቴብሎች ላይ ሲሆን፣ ቶሎ ይደርስበታል። ኮድ ውስጥ ተከፍቶ ያልተዘጋ ሪከርድሴትም (ኮዱ ከቴብል የሚያነበው የመዝገቦች ስብስብ) እንዲሁ። ፎርሙን ይቀንሱ፣ እያንዳንዱን ሪከርድሴት ክሎዝ ያድርጉ፤ ራም መጨመር አይፈታውም።

እንደኛ ግምት ሦስት መስኮት ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ ማድረግ የአክሰስ አጠቃቀም አይደለም። ኤክስተርናል ዳታ ላይ ኒው ዳታ ሶርስ፣ ፍሮም ዳታቤዝ፣ አክሰስ ይበሉና ሊንክ የሚለውን ምርጫ ይያዙ፤ የሌላው ፋይል ቴብል አሁን ባሉበት መስኮት ውስጥ ይታያል፣ ኩዌሪም (የመረጃ ጥያቄ) ይሠራበታል። የዚያን ፋይል አድራሻ እንደ ዜድ ባለ የድራይቭ ፊደል ሳይሆን በሰርቨሩ ስም ይስጡት፣ ምክንያቱም የድራይቩ ፊደል በየማሽኑ ይለያያል። ለእያንዳንዱ ፋይል የተመደበው የ2 ጊጋባይት ወሰንም፣ መረጃው በብዙ ፋይል ስለሚከፋፈል፣ በዚህ መንገድ ይቀልላል። ዋጋ ግን አለው፦ በሁለት ፋይሎች መካከል ሪፈረንሻል ኢንተግሪቲ (ለምሳሌ የሌለ ሠራተኛ ደመወዝ እንዳይመዘገብ የሚከለክለውን ደንብ) ማስገደድ ስለማይቻል፣ አብረው መጠበቅ ያለባቸውን እንደ ሠራተኛና ደመወዝ ያሉ ቴብሎች አንድ ፋይል ውስጥ ያኑሯቸው። ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ) በሚያመሳስለው ፎልደር ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የሚጋራውን ፋይል ጨርሶ አያስቀምጡ።